ለኡበይድ የተቆፈረው ቀብር

ቆቦ፣ ጁምዓ፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለኢልሀም ሙሀመድሰይድ፣ ጅዳ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ላንቺም ለባልሽ ለሙንተሲርም ሰላማችሁ ይብዛ። ይህን ስትከፍቺ ቃሉን ከማንበብሽ በፊት መጀመሪያ ጽሑፉን እይው። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግተው የሚጽፉት ሰዎች አንዲት ፊደል አላዋጡም። የጻፈው አባትሽ ነው። በስልሳ ሦስት ዓመቱ፣ በማታ ትምህርት፣ በስምንት ወር! ሃያ ሰባት ነን በክፍሉ። አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። ሁለተኛዋ ነሲባ ናት፣ እሷም አጠገቤ ስለምትቀመጥ ነው። መምህራችን ደሳለኝ "ጋሼ፣ የእርስዎ ፊደል እኮ በሬ የቆመ ይመስላል" ብሎኛል። ምስጋና ይሁን ስድብ አልጠየቅሁትም፤ ለሰው ግን ምስጋና ነው ብዬ ነው የማወራው።

በስልክ አይነግረኝም ወይ ትይ ይሆናል። በስልክማ እንዴት አድርጌ? ስልኩ ሲጮህ እናትሽ ትነጥቀኛለች። ድምፁን ከፍ አድርጋ መደቡ ላይ ታስቀምጠዋለች፣ ከዚያ ለቀስተኛው ሁሉ ዙሪያውን ይሰበሰባል። አንዱ "አላህ ያጽናሽ" ይላል፣ አንዱ ሐዘኑን እንኳ ሳይጨርስ "እዚያ ሥራ እንዴት ነው?" ይላል። ባለፈው "አባየ፣ እውነቱን ንገረኝ፣ ወረቀቱ ለምን ተመለሰ?" ብለሽ ስትጠይቂኝ አሥራ አራት ሰው አፌን እያየ ነበር። "የቢሮ ሰዎች ናቸው" አልኩሽ። ወዲያው ኔትወርኩ ተቋረጠ፤ አልሐምዱሊላህ አልኩ። በሕይወቴ ኔትወርክ ሲቋረጥ ያመሰገንኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ወረቀት ግን ድምፅ የለውም። እናትሽም አታነብም። ስለዚህ እዚህ ላይ እነግርሻለሁ።

እዚያ እናንተ ዘንድ ያ ግንብ ወንድምሽ ላይ ከወደቀ ዛሬ አርባ አንድ ቀኑ ነው። እኛ ዘንድ ጠዋት የሞተ ዙሁር ላይ፣ ዙሁር የሞተ ዐስር ላይ አፈር ይለብሳል። ኡበይድ ግን አርባ አንድ ቀን ሙሉ የሆስፒታል ማቀዝቀዣ ውስጥ ተኝቶ ወረቀት ይጠብቃል። ገና መርዶው በመጣ በማግስቱ ሸረፈዲን፣ የቅሬ ዕድራችን ሰብሳቢ፣ ጎኔ ተቀምጦ "ሙሀመድሰይድ፣ ልጅህ ያለው ሰው ሊሞትበት የሚመኘው አገር ነው። ጀናዛ አይቆይም። እዚያው ይቅበሩት በል" አለኝ። ላንቺም ለእሱም የመለስኩት አንድ ነው፤ "እኔማ እሺ ባልኩ፣ እናቱ ናት እንጂ። ቀብሩን ካላየሁ ብላለች።" ይህን ቃል ያዥልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ጥቅምት አሥር ቀን ውክልናውን ልሰጥሽ ቢሮ ሄድኩ። ወረቀቱን የምትጽፈዋ ልጅ ቤተልሔም ትባላለች፣ ትሑት ልጅ ናት። ጽፋ ስትጨርስ የቀለሙን ሳጥን ወደኔ ገፋ አደረገችው።

"አባባ፣ አውራ ጣትዎን።"

"ምን ሊሆን?"

"አሻራ ነዋ። መታወቂያዎ ላይ ያለው አሻራ ነው።"

"ልጄ፣ እሱ የድሮው ሙሀመድሰይድ ነው። እኔ ዛሬ እፈርማለሁ።"

"ለእርስዎ ብዬ ነው። ላይ ቤት እንዳይመልሱብዎ።"

"ላይ ቤት ያሉት ማንበብ ይችላሉ?"

"ይችላሉ እንጂ።"

"እንግዲያስ ያንብቡኛ!"

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። አለቃዋ ሳይቀር ከውስጥ ወጥቶ ሳቀና "ተዪው፣ ይፈርም" አላት። ብዕሩን ያዝኩ። ስሜ እንደምታውቂው አጭር አይደለም። ሙሀመድ ላይ ስደርስ ከኋላዬ ያሉት ዝም አሉ። ሰይድ ላይ ስደርስ ግማሹ መሬት ላይ ተቀመጠ። የአባቴን ስም ስጀምር አንዲት ሴት "ኧረ አያትዎን ይተዉልን፣ ልጅ አስተኝቼ ነው የመጣሁት" አለችኝ። እኔ ግን አልቸኮልኩም። ሳይንቀጠቀጥ፣ ሳይሰረዝ፣ ከመስመሩ ሳይወጣ ጻፍኩት። ቤተልሔም ማኅተሙን ስትመታበት ደረቴ ተነፋ።

ኩራት ብቻ መስሎሽ እንዳትቆጪኝ። ማታ ትምህርት ያስገባኝ ማን ሆነና? ኡበይድ ነው። "አባየ፣ የምልክልህን ጽሑፍ ሰፈሩ ሁሉ እያነበበልህ እኔና አንተ ምስጢር ሳይኖረን ልንኖር ነው ወይ?" ብሎ ሲጨቀጭቀኝ ነው የተመዘገብኩት። ሲወለድ ለክትባት ካርዱ አሻራ ነው ያደረግሁት። ትምህርት ቤት ሲገባ አሻራ። ሜዳውን፣ በረሃውን አቋርጦ ወደዚያ ሲሄድማ ምንም አላደረግሁ፣ ሳይነግረኝ ነው የሄደ። እንግዲህ የመጨረሻ ወረቀቱን እንኳ በስሜ ልሸኘው ብዬ ነው። ጥፋት ነው? ንገሪኝ እስቲ።

ጥፋት ሆነ። አጎትሽ ወረቀቱን ይዞ አዲስ አበባ ገባ። አንቺ "ማክሰኞ ካለቀ ሐሙስ ይሳፈራል" አልሽ። እኔ ደግሞ "ካለቀ" የምትለዋን ጥዬ "ሐሙስ" የምትለዋን ይዤ ወጣሁ። ለቅሬው ሐሙስ አልኩ። ለመስጊዱ ሐሙስ አልኩ። ገበያ ላይ ያገኘሁት ሁሉ ሰው ሳይጠይቀኝ ሐሙስ አልኩት። ረቡዕ ከሰዓት ጎረምሶቹ ማሽላ ማጨዳቸውን አቋርጠው ቀብሩን ቆፈሩ፤ ከአያትሽ አጠገብ፣ ሾላው ሥር።

ሐሙስ ማለዳ አጎትሽ ደወለ። "መለሱት" አለኝ።

"ምን ጎደለው?"

"ምንም አልጎደለውም፣ ፊርማው ነው የበዛው። መታወቂያው ላይ ያለው መጻፍ የማይችል ሰው ነው፣ ውክልና የሰጠው ደግሞ የሚጽፍ ሰው ነው። ሁለት ሰው ነው አሉኝ።"

"አንድ ሰው መሆኔን አንተ አታውቅም?"

"እኔማ አውቃለሁ። እነሱ የሚያውቁት መታወቂያውን ነው።"

ይኸው ነው ኢልሀም። ጅዳ ላይ ከማንም ጋር ስትጣይ የሰነበትሽው፣ ያን ጉዳይ አስፈጻሚ "ውሸታም" ብለሽ የሰደብሽው፣ ሙንተሲር ሦስት ቀን ከሥራ የቀረው በቢሮ ሰው አይደለም። በአባትሽ እጅ ጽሑፍ ነው። ስልሳ ሁለት ዓመት ሳልጽፍ አንድ ሰው ነበርኩ። በጻፍኩ በስምንት ወር ሁለት ሆንኩ፤ ከሁለቱ ግን ልጁን መቅበር የቻለ የለም።

ሐሙስ ዕለት ሰው መጣ። ከሮቢት በሁለት መኪና፣ ከጎብዬ በአንድ። ለሮቢቶቹ "አውሮፕላኑ ዘግይቶ ነው" አልኳቸው። ለጎብዬዎቹ "ደመና ነው አሉ" አልኳቸው። ሁለቱ ወገን ድንኳን ውስጥ ሲገናኙ ወሬዬን ገጣጠሙት። አንዱ የጎብዬ ሽማግሌ ወደ ሰማይ አንጋጦ "የቱ ደመና?" አለ። ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጉድጓዱ ነው ያቃጠለኝ። ይህን አፈር ታውቂዋለሽ፣ አሸዋ ነው፤ በተነፈስሽበት ቁጥር ይናዳል። ጎረምሶቹ ሁለቴ ጠረጉት። ማሽላ አገዳ አለበስነው፣ የነሲባ ፍየል አገዳውን ልትበላ ሄዳ ገባችበት። ፍየሏን ለማውጣት አራት ሰው ወረደ። ከዚያ አሮጌ በር ከደንንበት። ባዶ ቀብር ሰው ይጠራል ይባል የለ? ያገራችን ሽማግሌ በሙሉ ሳሉን ዋጠ! አንድም የሚያስል ጠፋ እኮ። ሲቀመጡ እንኳ "እህህ" አይሉም፣ ተራው የሱ ነው እንዳይባል። በሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ለዓመት አወራው ነበር።

ሸረፈዲን ሳምንት ጠብቆ መጣ።

"ሙሀመድሰይድ፣ ወይ ልጁን አምጣ ወይ እንድፈነው።"

"ማንም አካፋ አያነሳበትም።"

"ባዶ ጉድጓድ አይበጅም፣ ሰዉ ፈርቷል።"

"ባዶ ማን አለህ? ባለቤት አለው። መንገድ ላይ ነው።"

"የት መንገድ ላይ?" አለኝ። ጥዬው ሄድኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ተኳርፈናል።

ቢሮው ተመልሼ ልሄድ ስል መንገድ ተዘጋ። አምስት ቀን። ሲከፈት ሄድኩ። "መታወቂያዎን አሳድሰው በፊርማ ያድርጉት" ቢሉኝ ምን ያህል ይቆያል ብዬ ጠየቅሁ፤ "ካርዱ ሲመጣ" አሉኝ። ካርዱ መቼ ይመጣል? "ሲላክ።" መቼ ይላካል? ሰውየው ቀና ብሎ አየኝና ሻዩን ጠጣ። አቦ፣ ሞትን የሚያህል ነገር በአንድ ቀን ያልቃል፣ ካርድ አያልቅም!

ቤተልሔም ጋ ገባሁ። አንድ ቃል ብትናገረኝ ልጣላት ተዘጋጅቼ ነበር፤ ለስድቡ እንኳ ቃል መርጬ ነበር። እሷ ግን ሳጥኑን ከፍታ ወደኔ አቀረበችልኝ፣ "ግራዎን፣ አባባ" አለች፣ ጣቴን ራሷ ይዛ አሳረፈችው። ማጥፊያ ሶፍት ሰጠችኝ። ያልጠረግሁት ለምን እንደሆነ አላውቅም።

በዚህ ጊዜ አጎትሽን አላመንኩም። ኅዳር አራት ራሴ ወረቀቱን ይዤ አዲስ አበባ ሄድኩ። ስንት በር እንዳንኳኳሁ ብጽፍልሽ ደብተሩ አይበቃም። ሦስተኛ ፎቅ ያለው ወደ አንደኛ ይሰደኛል፣ አንደኛው ምሳ ወጥቷል፣ ከምሳ ሲመለስ ሲስተም የለም። ሲስተም የሚሉት ሰውዬ ማን እንደሆነ አላውቅም፣ አንድም ቀን ቢሮ አይገባም። በሮቹ ላይ የተጻፈውን ግን ሁሉንም አነበብኩ። "ግፋ" የሚለውን ገፋሁ፣ "ሳብ" የሚለውን ሳብኩ። በስድስተኛው ቀን የመጨረሻው ማኅተም ተመታ። ወረቀቱን ደረቴ ውስጥ ከትቼ፣ ከቆቦ የተነሳው ሙሀመድሰይድ ሳይሆን ሌላ ጀግና ሆኜ ተመለስኩ።

ከትናንት ወዲያ ነው የገባሁት። መናኸሪያ ላይ የተሳፈርኩበት የባጃጅ ልጅ "ጋሼ፣ ትናንት ሾላው ሥር ቀብር ነበር እኮ፣ አልደረሱም?" አለኝ።

ምን እንዳሰብኩ ልንገርሽ? መጣ አልኩ። ልጄ በሌላ መንገድ መጥቶ፣ እኔ ማኅተም ለማኅተም ስሮጥ፣ ሳልደርስበት ቀበሩት አልኩ። ወላሂ ደስ አለኝ። ባጃጁ ሳይቆም ወረድኩ። በሩ ተነስቷል፤ ጉድጓዱ ሞልቷል፤ አፈሩ እርጥብ ነው፤ ድንጋይ ራስጌው ላይ ቆሟል። ተንበርክኬ "ኡበይድ" አልኩ።

ሸረፈዲን ከኋላዬ መጣ። ኩርፊያውን ትቶ ትከሻዬን ያዘኝ።

"ኡበይድ አይደለም፣ ሙሀመድሰይድ።"

"ማነው ታዲያ?"

"አናውቀውም።"

አንድ የአፋር ሽማግሌ ነው አሉ። ሰኞ ጠዋት ከጭነት መኪና ወርዶ መስጊዱ በረንዳ ላይ ተቀመጠ። በቋንቋው ውሃ ለመነ። ሲሰጡት በእጁ ይዞት ሳይጠጣው ሞተ። መታወቂያ የለው፣ ስልክ የለው። በትሩና መቁጠሪያ መስበሐው ብቻ። ፖሊስ ፎቶ አንስቶ መዘገበ፣ በዋጃም በሮቢትም መስጊዶች አስነገሩ፣ የኔ ነው ያለ ጠፋ። ማክሰኞ ሙቀቱ በረታ። ጎረምሳው ሁሉ አጨዳ ላይ ነው፣ የሚቆፍር የለም።

"ስለዚህ የልጄን ቤት ለማታውቁት ሰው ሰጣችሁ!" አልኩት። ጮህኩበት። ሃምሳ ዓመት የኖርነውን ጉርብትና በአንድ አፍ አፈረስኩት።

"ሰጠን አላልኩህም" አለ ቀስ ብሎ። "ተሰጠን። ሂድ ሚስትህን ጠይቅ።"

ቤት ገባሁ። እናትሽ ማሽላ ትለቅማለች። ቀና አላለችም።

"እኔ ነኝ" አለች።

"ሳትጠይቂኝ?"

"ማንን ልጠይቅ? ፈራሚውን?"

ኢልሀም፣ ታውቅ ነበር! የሐሙስ ቀን አጎትሽ ነግሯት ኖሯል። ሃያ ቀን ሙሉ እኔ አውሮፕላንና ደመና ሳወራ፣ አንድ ቃል ሳትተነፍስ ትሰማኝ ነበር። ምሳ አቀረበች፣ እጄን ልታስታጥበኝ የማስታጠቢያውን ጀበና ያዘች። አውራ ጣቴን አየችው። ቀለሙ ገና አለ። ሳሙናውን ወስዳ እሷው ፈተገችው፣ እስኪያመኝ።

"አንቺ አይደለሽም ወይ ቀብሩን ካላየሁ ያልሽው?" አልኳት።

"እኔ? መች?" አለች። "እኔ ያልኩት አሳርፉልኝ ነው። አምጡልኝ ያልከው አንተ ነህ።"

አሰብኩት። ሌሊቱን... ተይው ሌሊቱን። እውነቷን ነው። መርዶው የመጣ ቀን እሷ አፏን ሳትከፍት እኔ ነኝ በሰው ሁሉ ፊት "እናቱ ቀብሩን ሳታይ አታምንም" ያልኩት። ወንድ ልጅ ስለ ራሱ እንዲህ አይልም ብዬ በእሷ አፍ ተናገርኩት። እንግዲህ ያን ቃል ያዥልኝ ብዬሽ ነበር፤ አሁን ጣይው። የኔ ነበር።

ትናንት ማለዳ ሾላው ሥር ሄድኩ። ያን ሽማግሌ ልቆጣው ነበር የሄድኩት፣ አልዋሽሽም። "አንተ ሰውዬ፣ ተራ አታውቅም?" አልኩት። ከዚያ አየሁት፤ አስተካክለው ነው ያስቀመጡት። ድንጋዩ ቀጥ ብሏል። ጎረምሶቹ ከአጨዳ መጥተው፣ ላባቸው ሳይደርቅ፣ አንድም ዘመድ ሳያያቸው፣ አንድም አመስጋኝ ሳይኖር እንዲህ አሳምረው። ነሲባ ከፈን ሰጠች፣ የራሷን፣ ለቀኗ ያስቀመጠችውን። የሱ ልጆች ዛሬ ዱበቲ ይሁኑ ሰመራ፣ መንገድ መንገድ እያዩ ይሆናል፤ አባታቸው ከአያትሽ አጠገብ እንደተኛ የሚነግራቸው የለም። ዱዓ አደረግሁለት። ተናድጄም ቢሆን።

አሁን ስሚኝ። በዚህ ፖስታ ውስጥ ወረቀቱ አለ፤ ማኅተሙ ሙሉ ነው፣ ማንም አይመልሰውም። እዚያ የምትሠራው ዘኪያ ፈቃዷን ጨርሳ ነገ ትነሳለች፣ ሰኞ እጅሽ ላይ ታደርገዋለች፤ ዋናው በእጅ ካልቀረበ አይሆንም ብለሽ የለ። "ወደ አገር ቤት ለመላክም ሆነ ባለበት አገር ለማስቀበር" ይላል። መጀመሪያ ያለውን ተይው። ሁለተኛውን አድርጊ።

አታምጪው። ቅበሩት።

አንቺ ቀብሩ ድረስ አይፈቀድልሽም ይላሉ፤ ስለዚህ ሙንተሲር ይከተል። ጉድጓዱ ውስጥ ይውረድ፣ ለማያውቁት ሰው አይተውብኝ። ሲያጥቡት እሱ ይኑር። ብርድ አይወድምና ውሃው ለብ ያለ ይሁን ብሎ ይንገራቸው፤ ቢስቁብህ ይሳቁ፣ አባቱ ነው ያለው በል በይው። ግራ ጉልበቱ ላይ ጠባሳ አለ፣ ከጎሊና ገደል የወደቀ ጊዜ የቀረ። እሱን አይቶ ያረጋግጥ። እነዚህ ቁጥርና ወረቀት ነው የሚያዩት፤ እኔ አሁን ወረቀት አላምንም።

ላንቺ ያደረስኩትን ሁሉ አፉ በይኝ። በሰው ፊት ልልሽ አልችልም፤ በስልክ ከጠየቅሽኝም አላልኩም እላለሁ።

ቀኑን አስቀድመሽ ንገሪን። ያንቺም የኛም ሰዓት አንድ ነው። እናንተ ዙሁር ላይ ስትሰግዱበት እኛም እዚህ እንሰግድለታለን። ሸረፈዲን ያሰግዳል፤ ይቅርታ ልጠይቀው ነው፣ ዛሬ ከጁምዓ በኋላ። ሲያልቅ የምትደውይው ለኔ ሳይሆን ለእናትሽ ነው። "አረፈ" በያት፤ ሌላ አትጨምሪ። ማን ፈቀደ ካለችሽ፣ አባቱ በያት።

አላህ ካንቺ አይለይ፣ የወንድምሽን ቀብር ያስፋለት፣ በሰው አገር የሚጠብቅሽ እሱ ይሁን። አሚን በይ።

አባትሽ
ሙሀመድሰይድ ዐሊ